ለዛፍ ወዳጅ የሚሰጥ ስጦታ

ስጦታ መስጠት ለብዙ ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ገንዘብ ያለው ገዝቶ፣ ገንዘብ የሌለው በእጁ ሠርቶ፣ ያም ባይሆን ካለው ላይ ቀንሶ ይሰጣል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ይቀበላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆች ሳስተምር ስኖር ነገሩን እንዲሁ አቅልዬ እመለከተው ነበር። ስጦታ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሰው አገር ነው፤ ያስተማረችኝም ቁመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ዛፍ ናት። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ አዋቂ ነኝ ብዬ ልመክርህ አይደለም፤ እኔ ያጠፋሁትን አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው።

በቋንቋችን የመስጠት ስሞች ብዙ ናቸው። ለታላቅ ሰው የሚቀርበው እጅ መንሻ ወይም ገጸ በረከት ይባላል። ለበደሉት ሰው የሚከፈለው ካሣ ይባላል። ፍርድ ለማጣመም የሚሰጠው መማለጃ ወይም ጉቦ ይባላል። በጎ ለሠራ ሰው በጎ መመለስ ደግሞ ብድር መመለስ ይባላል። እጁ ያው እጅ፣ ዕቃውም ያው ዕቃ ሲሆን፣ ስሙን የሚለውጠው በሰጪው ልብ ውስጥ ያለው አሳብ ነው። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስጦታን መልካም የሚያደርገው የሰጪው ቅን አሳብ ብቻ ነውን? ወይስ ከቅን አሳብ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ? ብዙ ሰዎች «ዋናው ልብ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔም በዚህ መልስ ረክቼ እኖር ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ልጄን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄድሁ። ቤቷ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሺንግተን ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ የአገራችን ሰው ብዙ ስለ ሆነ እንጀራውም ቡናውም አይታጣም። የልጄ የቅርብ ጎረቤት ግን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። እሷ ታማ በተኛችበት ጊዜ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ያደርሱላት ነበር፤ በረዶ ሲወርድም ሳይጠየቁ የደጃፏን መንገድ ይጠርጉላታል። «አባዬ፣ ለእኚህ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለብን» ትለኝ ነበር።

የሽማግሌው ፍቅር ቦንሳይ በሚባለው ጥበብ ነው። ቦንሳይ የጃፓን ቃል ሲሆን ትርጓሜው በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። የጥበቡ መነሻ ቻይና ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ706 ዓ.ም. በተሠራ የአንድ ቻይናዊ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ድንጋይና ትንንሽ ተክል የተደረደረበት ዝርግ ዕቃ የተሸከሙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ዛፉ በተፈጥሮው ድንክ አይደለም፤ በጫካ ቢተከል እንደ ወንድሞቹ ረዝሞ የሚያድግ ነው። ነገር ግን ሥሩ በየጊዜው እየተገረዘ፣ ቅርንጫፉ እየተከረከመና በሽቦ እየታሰረ፣ ጥቂት አፈር በያዘ ሸክላ ውስጥ ሲኖር፣ ቁመቱ ሳይጨምር ያረጃል። ግንዱ ይወፍራል፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም የመቶ ዓመት ዋርካ ግርማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ነገሩ ዛፉን ማሠቃየት መስሎ ታየኝ፤ ለሽማግሌውም ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «በበጋ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ብነሣው ሊሞትብኝ ይችላል። ሃያ ዓመት ያህል በበጋ ከቤቴ ርቄ አላደርሁም። የታሰረው ዛፉ ነው ወይስ እኔ?» አሉኝ። ለላም ቀንዷ አይከብዳትም እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለእሳቸው ሸክም አልነበረም።

በታኅሣሥ ወር ሽማግሌው በሌላ ግዛት ወደሚኖር ልጃቸው ዘንድ ለስድስት ሳምንት የሚሄዱበት ጉዳይ ገጠማቸው። ዛፎቻቸው አሥራ አራት ነበሩ። ነፋስ በማያገኘው በቤቱ ጥግ መሬት ላይ ደርድረው፣ ሸክላዎቹን እስከ አፋቸው ድረስ በደረቅ ቅጠል ሸፈኗቸው። ለልጄም፣ «ብርዱን አትፍሪላቸው፤ ብርዱ ያስፈልጋቸዋል። አፈሩ ደርቆ ካገኘሽው ብቻ ጥቂት ውሃ አጠጪልኝ» ብለው አደራ ሰጧት። ልጄ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ስለ ሆነች፣ አደራው ወደ እኔ ተላለፈ።

ከአሥራ አራቱ ዛፎች ትንሿ ጥድ ነበረች። ይህች ጥድ በአገራችን ደጋ በየደብሩ ቅጥር ከምናየው ጥድ ጋር የአንድ ወገን ስለ ሆነች፣ ገና እንዳየኋት ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። በአንድ ብርቱ ውርጭ ባደረበት ጧት ወጥቼ ብመለከት፣ በሸክላው ዙሪያ በረዶ ረግቶ፣ ቅጠሏም ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ አገኘሁት። እኔ ራሴ ሁለት ካፖርት ደርቤ የምንቀጠቀጥ ሰው ነበርሁና አንጀቴ ተላወሰ። አንሥቼ ወደ ቤት አስገባኋት፤ በማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኋት፤ ጧትና ማታም ውሃ አጠጣት ጀመር። ልጄ አይታ፣ «አባዬ፣ ሰውዬው እኮ ውጭ ይሁኑ ብለዋል» አለችኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ ብርድ የማይጎዳው ፍጡር የለም» ብዬ መለስሁላት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው።

ጥዷ በቤት ውስጥ አምስት ሳምንት ተቀመጠች፤ አንድ ቅጠል አልረገፈባትም፤ አረንጓዴነቷም አልተለወጠም። እኔም በየማለዳው እያየኋት በራሴ ሥራ እደሰት ነበር። ሽማግሌው ሲመለሱ በሁለት እጄ ይዤ፣ «እነሆ፣ ይህችን ከብርድ አተረፍሁልዎ» ብዬ ሳስረክባቸው የሚሰማቸውን ደስታ አስቀድሜ በልቤ እሥለው ነበር። ልጄ ለእኚህ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለብን ስትለኝ የኖረችውን ውለታ በዚህ የከፈልሁት መሰለኝ።

በጥር መጨረሻ ሽማግሌው መጡ። እንዳሰብሁትም ጥዷን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። ተቀብለው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቷት። ቅጠሏን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያም በአውራ ጣታቸው ጥፍር የቅርንጫፏን ቅርፊት ቀስ ብለው ፋቅ አደረጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ሊታይ ሲገባው ቡናማ ሆኖ ታየ። በሌላ ቅርንጫፍ ደገሙት፤ ያም እንዲሁ ነበር። «ሞታለች» አሉኝ፤ «ምናልባትም ከሞተች ሳምንታት አልፈዋል። ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።»

ምክንያቱንም ሳይቆጡ አስረዱኝ። የእንዲህ ያለው አገር ዛፍ ክረምቱን በብርድ ተኝቶ ማሳለፍ አለበት። በሞቀ ቤት ሲገባ እንቅልፉ ይታወክና ያከማቸውን ኃይል ያወጣል፤ በቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ደግሞ ለጥድ አይበቃውም፤ የማሞቂያው ደረቅ አየር ቅጠሉን ያደርቀዋል፤ አፈሩ ዘወትር ከረጠበ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እኔ አንዱንም ሳልተው ሁሉን አድርጌ ነበር። ልጄ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ያች ጥድ ሽማግሌው ይህን ጥበብ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የተከሏት ዛፍ ኖራለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት በእጃቸው ነበረች። እሳቸው ግን ይህን አልነገሩኝም። «ውጭ ይበርዳል፤ ግቡና ቡና እንጠጣ» ብቻ አሉኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ብዙ ነገር አሰብሁ። በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ስፍራው ቆላ ነው፤ ሙቀቱም ብርቱ ነበር። በየዓመቱ ከባሕር ማዶ ለእኛ ለድኾቹ ተማሪዎች በሣጥን ስጦታ ይመጣ ነበር። በአንዱ ዓመት ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው ከወፍራም ሱፍ የተሠራ የልጆች የእጅ ጓንት ነበር። የሠሩት ደግ ሴቶች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም፤ ምናልባትም ብዙ ምሽት ደክመውበታል። እኛ ግን ጓንቱን ጨርቅ ጠቅጥቀንበት ኳስ አደረግነው፤ ከዚያም በመምህራችን ትእዛዝ እጃችን እንዴት ደስ እንዳለው የሚገልጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍን። ስንስቅ የኖርንባቸው እነዚያ ሴቶች በዚያች ሌሊት ትዝ አሉኝ። እነሱ ለቆላ ልጅ ሱፍ ሰጡ፤ እኔም ብርድ ለሚያስፈልጋት ዛፍ ሙቀት ሰጠሁ። እነሱ የበረዳቸው እነሱ ነበሩ፤ የበረደኝም እኔ ነበርሁ። ነገር ግን የእነሱ ስጦታ ማንንም አልገደለም።

ወጣት አንባቢዬ፣ የጥያቄያችን የመጀመሪያ መልስ ከዚህ ላይ ይገኛል። ቅን ልብ ለስጦታ መነሻው ነው፤ ፍጻሜው ግን አይደለም። ቅን ልብ ብቻውን ሲሆን ሌላውን ሰው አያይም፤ የራሱን ብርድ፣ የራሱን ራብ፣ የራሱን ምኞት በሌላው ላይ አልብሶ ያያል። ያን ጊዜ የምንሰጠው ለወዳጃችን ሳይሆን በወዳጃችን መልክ ለተሣለው ለራሳችን ነው።

ያጠፋሁትን ሳውቅ ሌላ ስሕተት ጨመርሁበት። በማግሥቱ ልጄን አስከትዬ ወደ ገበያ ሄጄ፣ በአርባ ዶላር አንድ ሸክላ ገዛሁ። ሰማያዊ ሆኖ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ፣ በዙሪያው የወርቅ ቅብ ያለበት፣ ከሩቅ የሚጣራ ዕቃ ነበር። ሽማግሌው በትሕትና ተቀብለው አመሰገኑኝ። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ብገባ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ እርሳስ ተጨምሮበት አየሁት። እንደ ጥበቡ ልማድ፣ ለጥድና ለመሰሉት ቅጠላቸውን ለማያረግፉ ዛፎች የሚሆነው ቀለሙ የማያብረቀርቅ ደንበኛ የአፈር መልክ ያለው ሸክላ ነው፤ የሚያብረቀርቀው አበባ ለሚያብቡና ቅጠላቸውን ለሚያረግፉ ይሰጣል። ከዚህም በላይ የእኔ ሸክላ ከሥሩ ቀዳዳ ስላልነበረው፣ የትኛውም ዛፍ ቢተከልበት ሥሩ ይበሰብስ ነበር። አንዲት ዛፍ ከገደልሁ በኋላ ሌላ መግደያ ገዝቼ መሄዴ ነበር።

ሸክላው ስለምን ስጦታ ሊሆን አልቻለም? አለማወቄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ ይከፋል። እኔ ወደ ገበያ የሮጥሁት ሽማግሌውን ለማስደሰት ሳይሆን የራሴን ኀፍረት ለማስታገሥ ነበር። በልቤ «ይህን ከተቀበሉኝ ነገሩ ይዘጋል» እል ነበር። ይህ ካሣ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ካሣም ቢሆን ልክ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአርባ ዶላር አይለካምና። ካሣ ነውር የለበትም፤ የበደለ መካስ ይገባዋል። ነውሩ ካሣን ስጦታ ብሎ ጠርቶ፣ የተበደለውን ሰው እንዲያመሰግን ማስገደድ ነው። እኔ ሽማግሌውን ሁለት ጊዜ አስከፈልኋቸው፤ መጀመሪያ ዛፋቸውን፣ ቀጥሎም ምስጋናቸውን።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ሄጄ፣ ዕቃ ሳልይዝ፣ «በድያለሁ፤ የምመልሰውም ነገር የለኝም። ነገር ግን የምረዳዎ ሥራ ካለ ንገሩኝ» አልኋቸው። በአገራችን «ምን ልስጥህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል፤ የተጠየቀውም «ምንም አልፈልግ» ማለት ይገባዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ እንገምታለን። ግምታችን ሲስት ደግሞ ተቀባዩ ኀዘኑን ይደብቃል። ሽማግሌው ግን እንደ አገራቸው ልማድ በግልጽ መለሱልኝ፤ «በመጋቢት ዛፎቼን ሸክላ አለውጣለሁ። እጄ እንደ ድሮው አይጸናም። ግንዱን የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል» አሉኝ።

በመጋቢት፣ እንቡጡ ሊፈነዳ ሲል፣ አራት ቅዳሜ አብሬያቸው ዋልሁ። ዛፉ ከሸክላው ይወጣል፤ አሮጌው አፈር ይራገፋል፤ የረዘመው ሥር ይገረዛል፤ በቀዳዳዎቹ ባለፈ ሽቦም ዛፉ እንዳይወዛወዝ ከአዲሱ ሸክላ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያም አዲሱ አፈር በቀጭን እንጨት እየተጎሰጎሰ በሥሮቹ መካከል ይገባል። የእኔ ሥራ ግንዱን ቀጥ አድርጎ መያዝና ዝም ማለት ነበር። ለመምህር ዝም ማለት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በእነዚያ አራት ቅዳሜዎች ስለ ዛፍም ስለ ሰውም ብዙ ተማርሁ። አንድ ነገርም አየሁ። ሽማግሌው አዲስ የተተከለውን ሲያጠጡ፣ የውሃ ማጠጫቸው ወንፊት ተሰንጥቆ ውሃው በአንድ በኩል ገንፍሎ ይወርድና አፈሩን ይሸረሽር ነበር፤ እሳቸውም በመዳፋቸው እየከለሉ ያጠጣሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ እንደ ኖሩ አላውቅም፤ ለራሳቸው አንድ ወንፊት መግዛት ግን አላሰቡም።

ወደ አገሬ ልመለስ ስል፣ ውሃውን እንደ ካፊያ አድቅቆ የሚያወርድ፣ ለዚሁ ጥበብ የተሠራ የነሐስ ወንፊት አፈላልጌ ገዛሁላቸው። ዋጋው ከሰማያዊው ሸክላ እኩሌታ አይሞላም። ሲከፍቱት ብዙ አልተናገሩም፤ ተነሥተው ከማጠጫቸው ጋር ገጠሙትና ወደ ውጭ ወጡ። በመስኮት ሳያቸው፣ ሁለቱም እጆቻቸው ማጠጫውን ይዘው ነበር፤ መዳፋቸው ከመከለል ዐርፏል።

ከመሄዴ በፊት ሽማግሌው በበኩላቸው አንድ ስጦታ ሰጡኝ፤ በዋሺንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፀዋት ቦታ ውስጥ ወዳለው የቦንሳይና የፔንጂንግ ሙዚየም ወሰዱኝ። ፔንጂንግ የቻይናው ጥበብ ስም ነው። በዚያ ከ1625 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በሸክላ ሲጠበቅ የኖረ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን 200ኛ ዓመት ስታከብር 53 ዛፎች በስጦታ ሲልኩ፣ ይህ ዛፍ ከእነሱ አንዱ ነበር። ሰጪው ማሳሩ ያማኪ የሚባሉ የቦንሳይ ሊቅ ናቸው።

ዛፉ በሙዚየሙ ሃያ አምስት ዓመት ያህል በሰላም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የያማኪ የልጅ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማች ከጃፓን መጥተው ያን ዛፍ ለማየት ጠየቁ፤ ታሪኩንም ያን ጊዜ ተናገሩ። የያማኪ ቤት በሂሮሺማ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1945 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ የአቶም ቦምብ በከተማዋ ላይ ስትጥል፣ ቤቱ ቦምቡ ከፈነዳበት ስፍራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ተሰባብሮ ቤተ ሰቡን አቆሰለ፤ ዛፎቹ ግን በረጅም ግንብ ተከልለው ስለ ነበር ተረፉ። እንግዲህ ያ ጥድ ቦምቡን ለጣለችው አገር በልደት በዓሏ የተሰጠ፣ ከቦምቡ የተረፈ ዛፍ ነበር፤ ሙዚየሙም ይህን ያወቀው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ያማኪ ስለምን ዝም እንዳሉ መናገር የእኔ ፈንታ አይደለም። ነገር ግን በዛፉ ፊት ቆሜ ዝምታው ያደረገውን ሥራ አሰብሁ። ዛፉ ከነታሪኩ ቀርቦ ቢሆን፣ ተቀባዮቹ ጥዱን ሳይሆን ዕዳቸውን ይቀበሉ ነበር። ያለ ታሪኩ ስለ ቀረበ ግን ስጦታው ስጦታ ሆኖ ቀረ። እኔ በአንድ ሰማያዊ ሸክላ ምስጋና ስለምን፣ እኚህ ሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት የተጠበቀ ዛፍ ሰጥተው ይቅርታቸውን እንኳ አላስቈጠሩም።

ሽማግሌው በመኪና ስንመለስ ደግሞ አንድ የቆየ የጃፓን ተውኔት አጫወቱኝ፤ ስሙ «ሃቺ ኖ ኪ» ሲሆን በሸክላ ያለ ዛፍ ማለት ነው። ሳኖ የሚባል የደኸየ ወታደር በበረዶ ሌሊት አንድ የማያውቀው መነኵሴ ያሳድረኝ ብሎ ይመጣበታል። ከሀብቱ የቀሩት በሸክላ የተተከሉ ሦስት ዛፎች ብቻ ነበሩ፤ ፕለም፣ ቼሪና ጥድ። የማገዶ እንጨት ስላልነበረው ሦስቱንም ቈርጦ እንግዳውን አሞቀው። መነኵሴው ግን ቀድሞ አገሩን ያስተዳድር የነበረው ሆጆ ቶኪዮሪ ስለ ነበር፣ ኋላ በሦስቱ ዛፎች ስም የሚጠሩ ሦስት ርስቶች ሰጠው።

ይህን ስሰማ የእኔ ነገር በግልጽ ታየኝ። ሳኖ ዛፍ አጠፋ፤ እኔም ዛፍ አጠፋሁ። ሁለታችንም ያደረግነው የበረደውን ለማሞቅ ነው። ነገር ግን እሱ የበረደው ማን እንደ ሆነ በዓይኑ አይቷል፤ እኔ አላየሁም። እሱ የሠዋው የራሱን ነው፤ እኔ የሠዋሁት የሰውን ነው። መነኵሴው ራሱ መጥረቢያ አንሥቶ ዛፎቹን ቢቈርጥ ኖሮ፣ ሥራው ዘረፋ እንጂ ደግነት ባልተባለ ነበር። በሰው ገንዘብ ደግ መሆን ደግነት አይደለም።

ምናልባት አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ይከራከረኝ ይሆናል፤ «ስጦታ ማወቅን የሚጠይቅ ከሆነ ማን ሊሰጥ ይችላል? ሰው የሰውን ልብ ፈጽሞ አያውቅምና።» እውነት ነው። ነገር ግን የሚፈለግብን ሁሉን ማወቅ አይደለም፤ አለማወቃችንን ማወቅ ነው። አለማወቁን ያወቀ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ያፈረ ዝም ብሎ ያያል፤ ያየም የተሰነጠቀውን ወንፊት ያገኛል። ወዳጄን እወዳለሁ እያልን የሚወደውን ነገር ለመማር ትዕግሥት ከሌለን ግን፣ የምንወደው የራሳችንን ደግነት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ፣ በውጭ አገር ላለ ቦንሳይ ወዳጅ ለሆነ አለቃው ምን እንደሚሰጥ ጠየቀኝ። ለእሱ የነገርሁትን ለአንተም ልንገርህ፤ ነገሩ ለዛፍ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ጥበብ ወዳጅ ይሆናልና። በመጀመሪያ ዛፍ አትስጥ። ዛፍ ነፍስ ያለው ስለ ሆነ፣ የሰጠኸው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞግዚት ይሆናል፤ ይህን ሸክም ሳይጠይቅህ ልታሸክመው አይገባም። ከሰጠህም በቤት ውስጥ የሚኖር ወይስ ውጭ የሚኖር መሆኑን ጠይቅ፤ ሾላና ዋርካን የመሰለው የሙቅ አገር ዛፍ በቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ጥድ አይኖርም። ሁለተኛ፣ የሚያልቅ ነገር ከማያልቅ ይሻላል። ቅርንጫፍ ማሰሪያ ሽቦ ወይም ውሃ የማያቈር አፈር ቶሎ ስለሚያልቅ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ መቀስና ጉጠት ከመግዛትህ በፊት ያለውን እይ፤ ባለሙያ የለመደውን መሣሪያ በቀላሉ አይለውጥም። አራተኛ፣ ሸክላ ዛፉን ሳታይ አትግዛ፤ ሸክላ ለዛፍ እንደ ጫማ ነው፤ በልክና በጠባይ ይመረጣል። አምስተኛ፣ ገንዘብ ባይኖርህ አትዘን። ለመንገድ ሲሄድ ዛፎቹን የሚያጠጣለት የታመነ ሰው ማግኘት ለቦንሳይ ወዳጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህን ልትሰጥ ብትወድ፣ አጠጣ ሲልህ አጠጣ፤ ተው ሲልህ ተው።

ያች ጥድ ሞታለች፤ ይህን ጽሑፍ ብጽፍም አትመለስም። ልጄ በቅርብ ጊዜ እንደ ነገረችኝ፣ ሽማግሌው በእሷ ፋንታ አንዲት የጥድ ችግኝ ተክለዋል፤ በየማለዳው የምታጠጣላቸውም የልጅ ልጄ ናት። በዚህ ዓመት ክረምት ሲገባ ችግኟን በውርጭ አይታ፣ «ለምን ወደ ቤት አናስገባትም?» ብላ ጠየቀቻቸው አሉ። እሳቸውም ምክንያቱን አስረዷት። ልጅቷ ከእኔ የምትበልጠው በዚህ ነው፤ አስቀድማ ጠየቀች።